በሁለቱ ወንዞች መካከል

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ
ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮማን፦

ጤንነትሽን አልጠይቅም። ታመሽ ቢሆን ኖሮ ከላክሽልኝ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ አንድ መስመር ይተርፈው ነበር። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ሰባ ስድስት ዓመት ለሞላው ሰው ይህ ወሬ አይባልም። ስልክ ይግዙ ያልሽውን ትቼዋለሁ። በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ነው፤ ምስክር የለውም።

«እኔ ሳልመጣ ምንም ነገር አይፈርሙ» የሚለው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከፈረምኩ አምስት ቀን ሆኖኝ ነበር። ቀድሞ ቢደርስም እፈርም ነበርና ቀርከሃ ጫኙን ሾፌር፣ ምንያህልን፣ ዘገየ ብለሽ አትውቀሺው።

የሆነውን ልንገርሽ። ባህል አዳራሽ አጠገብ ካለው የደን ፕሮጀክት ቢሮ ዮናስ የሚባል ባለሙያ ቤቴ መጣ። «ካርታው በሰማንያ ሦስቱ ግርግር ተቃጥሏል። የዳራሞን ደን ወሰን ያሰመሩት እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ምስክር በሕይወት የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። በ1979 ዓ.ም. በጥር ወር የቀለም ቆርቆሮ ተሸክሜ የድንበሩን ዛፎች አንድ በአንድ ቀይ የቀባሁት እኔ ነኝ። ወሰኑ የት ነው ሲለኝ ታችኛው ወንዝ ነው አልኩት። ከሱ በላይ ያለው ደን ነው፤ በታች ያለው የሰው ነው። ታብሌቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ እዚህች ላይ በጣትዎ ይንኩልኝ» አለ። «በጣት የሚፈርም መሃይም ነው፤ ወረቀት አምጣ» አልኩት። አመጣ፤ ፈረምኩ።

ቤትሽ ከታችኛው ወንዝ በላይ መሆኑን አውቃለሁ። የአሥራ አራቱም አባወራ ቤት እዚያው ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ በጠፋበት ወራት ገብተው የሰፈሩበት ነው። ታምሩን ስታገቢ «ልጄን ደን ውስጥ ላለ ቤት አልድርም» ብዬ ሠርግሽ ላይ አልተገኘሁም። ጴንጤ ስለሆነ ጠልቶት ነው ተባለ። ይባል።

አባትሽ ገብረየስ


ዳራሞ
ጥቅምት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፦

እንኳን ያመመዎት ጉልበትዎ ብቻ ሆነ። እኛ ደህና ነን። ሀሴት ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ በሒሳብ ትበልጠኛለች።

ዮናስ እዚህም መጥቶ ነበር። ወሰኑ ውስጥ የሚቀር ሰው እንደሚነሣ፣ ከወሰኑ ውጭ ያለው ግን በማኅበር ተደራጅቶ በደኑ ውስጥ ቀፎ እንደሚሰቅልና ማሩን እንደሚሸጥ አስረዳን። ከዚያ እርስዎ የፈረሙትን ወረቀት ሳይከፍት ሽማግሌዎቹን ጠየቀ። «የገብረየስን ቃል ትቀበላላችሁ ወይስ ሌላ አጣሪ ይምጣ? አጣሪ ከመጣ አንድ ዓመት ይፈጃል» አላቸው።

የሽማግሌዎቹ ሸንጎ እንዴት እንደሳቀ ባዩ። አቶ ላሊሞ ተነሥተው «ገብረየስ? ያ ሰውዬ እንኳን እኛን ዝንጀሮውንም ያለ ፈቃድ አያሳልፍም ነበር! ክፉ ነው። ግን በዚህ አገር ጉቦ ያልበላና ያልዋሸ ጠባቂ እሱ ብቻ ነው። ቃሉን ተቀብለናል» አሉ። ሁሉም እጃቸውን አነሡ፤ ታምሩም አነሣ። እነሱ እርግጠኛ ነበሩ፣ አባዬ። ድሮ ካርታ ይዘው የመጡት ሹማምንት ለአባቶቻቸው የነገሯቸው ወሰኑ ላይኛው ወንዝ መሆኑን ነው። እርስዎም ያንኑ እንደሚሉ አልተጠራጠሩም።

ዮናስ ወረቀቱን ከፍቶ «ታችኛው ወንዝ» ብሎ አነበበ።

ማንም አልጮኸም። አቶ ላሊሞ «ገብረየስ ካለ እኛ ነን የረሳነው» አሉ። ይዋሹ አልልዎትም። ደግመው ያስቡ ነው የምልዎት። የታምሩ አባት ዳንጊሶ የታሠሩት ከሁለቱ ወንዞች መካከል ዛፍ ቆረጡ ተብለው ነው። እሳቸውም ወሰኑ ላይኛው ነው እንዳሉ ነው የሞቱት።

ልጅዎ ሮማን


ሐዋሳ
ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮማን፦

ለላሊሞ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ዝንጀሮን ፈቃድ የጠየቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ጠይቄው ቢሆን ከላሊሞ ይልቅ ይታዘዘኝ ነበር።

ዳንጊሶን ለምን እንዳነሣሽ ይገባኛል። በ1980 ዝግባ ሲጥል መጋዙ በእጁ እንዳለ ይዤዋለሁ። «የአባቴ ዛፍ ነው» አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመት በጠባቂነት ስሠራ የአባቱን ዛፍ እንጂ የመንግሥት ዛፍ ሲቆርጥ ያገኘሁት ሰው የለም። ሁሉንም ባምን ኖሮ ዛሬ ውሃ የምትቀጂበት ምንጭ አይኖርም ነበር። ሦስት ዓመት ታሠረ፤ ሳምባውን ታሞ ወጣና በዓመቱ ሞተ። የማላውቀው ይመስል ለምን ትነግሪኛለሽ? ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከሩቅ።

ትናንት አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። ዝናብ ባለፈ ቁጥር የሐይቁ ዳር ሻይ ይመስላል። ያሬድ የሚባል አሣ አጥማጅ ባዶ መረቡን እያሳየኝ «ጋሼ፣ ተራራችሁ ዋና ሊማር እዚህ ድረስ ወርዷል» አለኝ። አፈሩ የሚመጣው ከማን ማሳ ይመስልሻል? አሥራ አራት ቤት ብቻ ነን ትይ ይሆናል። አሥራ አራት ቤት ዛሬ ነው። ልጆቹ ሲያገቡ አርባ ይሆናል።

ደግሜ አላስብም። አንዴ ያየሁትን አይቻለሁ።

ገብረየስ


ዳራሞ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባቴ፦

እንዴት ሰነበቱ? እኛን አይጠይቁን።

የቤታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም መስቀል ተደረገበት። የአሥራ አራቱም ቤት እንዲሁ። የእንሰቱ ግንድ ሳይቀር ተቀባ። እስከ ጥር 30 ለቃችሁ ውጡ ተብለናል፤ ካሣ የለም፣ የደን መሬት ነውና። እኔ የተከልኩት እንሰት ለመብል የሚደርሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ነቅዬ በጀርባዬ አልወስደው። ታምሩ ቡናውን የተከለው ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ አንድ ዛፍ ሳይጥል። ይህንንም መጥተው አይተው አያውቁም።

ምንጭ ስሄድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ሀሴትን ትምህርት ቤት «ቀዮ» ይሏታል። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ቀይ ስለሆንሽ ነው አልኳት። ከእኔ የጠቆረች መሆኗን ታውቃለች።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የቀቡትን አልጠይቅዎትም፤ የታዘዙትን ነው። የትእዛዙ ወረቀት አልጋዎ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። በልጅነቴ ሣጥኑን ነካሽ ብለው ገርፈውኛል። ወረቀቱ ላይኛው ወንዝ ነው የሚለው ወይስ ታችኛው?

ሮማን


ሐዋሳ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮማን፦

ብርድ ልብስ በምንያህል ልኬያለሁ። ለሀሴት ነው። ያንቺን ትልቁን ሹራብም ከቁም ሣጥኑ አግኝቼ ጨምሬዋለሁ፤ ብል አልበላውም።

ከጓሮ ያለችውን ክፍል አስጠርጌያለሁ። ጠባብ ናት፤ ግን ጣሪያዋ አያፈስም። ከጥር 30 በፊት ልጅቷን ይዘሽ ነይ። እዚህ ሰፈር ጥሩ ትምህርት ቤት አለ። ባልሽም መምጣት ከፈለገ አልከለክልም። ጮክ ብሎ እንዳይጸልይ ብቻ ንገሪው፤ ግድግዳው ስስ ነው።

የጠየቅሽኝን አልመልስም።

ገብረየስ


ዳራሞ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፦

ብርድ ልብሱ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ክፍል ግን አልለመንኩዎትም።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጠይቄዎት ያልመለሱልኝ ጥያቄ ይህ የመጀመሪያው ነው። እናቴ ልትሞት ነው ወይ ብዬ ስጠይቅዎት እንኳ በስምንት ዓመቴ «አዎ፣ እስከ ፋሲካ አትደርስም» ብለው ነግረውኛል። አልደረሰችም። ወረቀቱ ታችኛው የሚል ቢሆን ኖሮ ቅጂውን በሦስት ማኅተም አስመትተው ይልኩልኝ ነበር።

ስለዚህ ገብቶኛል። ለታምሩ አልነገርኩትም። ብነግረው አባቱ በገዛ ዛፋቸው ታሥረው እንደሞቱ ነው የምነግረው። ይህን ከእኔ አፍ እንዲሰማ አልፈልግም፤ ከእርስዎ ይስማ። ሸንጎውም ቢሆን የእርስዎን ቃል ብቻ ነው የሚቀበለው። እዚህ መውጣት ካልቻሉ ይጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል። ዮናስ ጥሩ ሰው ነው፤ «ቃላቸውን ካሻሻሉ እኔ መስመሩን በአንድ ቀን አነሣዋለሁ» ብሎኛል።

ገና ከጥር 30 በፊት አንድ ወር ከስድስት ቀን አለ።

ሮማን


ጥር 8 ቀን

ይህን አንብበሽ አቃጥይው። ስሜን አልጽፍበትም።

ወረቀቱ ላይኛው ይላል።

ስቀጠር «ማንበብ ትችላለህ?» ተባልኩ። እችላለሁ አልኩ፤ ማንበብ የማይችል አይቀጠርም ነበርና። አልችልም ነበር። መንደሩ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ዳስ ነበር። ገበሬው ሁሉ፣ ዳንጊሶም ጭምር፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ሀ ሁ ይል ነበር። እኔ የመንግሥት ልብስ ለብሼ ከነሱ ጋር አግዳሚ ላይ ልቀመጥ? አለቃዬ ትእዛዙን በእጄ ሰጥቶ «ወንዙን ተከትለህ ቀባ፤ ዝርዝሩ እዚያ አለ» ብሎኝ ሄደ። ወረቀቱን ዘርግቼ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ።

ጥር ነበር። ላይኛው ወንዝ በጥር ድንጋይ ብቻ ነው። ወንዝ ማለት ውሃ ያለበት ነው ብዬ ታችኛውን ያዝኩ። አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃኝ ነበር። ዳንጊሶ ከኋላዬ እየተከተለ «ሰውዬ፣ ተሳስተሃል፤ ወሰኑ ከላይ ነው፤ ወረቀትህን አንብብ» ይለኝ ነበር። ለመሃይም አልመልስም አልኩት። በዓመቱ አሠርኩት።

በ1987 አንደኛ ክፍል ገባሽ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ «የተማርሽውን አንብቢ፤ ልፈትንሽ» እልሽ ነበር። ስትሳሳቺ እገርፍሽ ነበር። አንዳንዴ ተሳስተሽ አልነበረም፤ የተሳሳትሽ ስለመሰለኝ ነው። አንቺ ስምሽን መጻፍ በቻልሽበት ሳምንት እኔም ስሜን ጻፍኩ። ጽሕፈታችን አንድ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛ ክፍል ስትገቢ ሣጥኑን ከፍቼ ትእዛዙን አነበብኩ። ዳንጊሶ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን ሁሉንም አወቅሽ። አልናገርም።

ፈርቼ አይደለም። ለሞት የቀረበ ሰው ምን ይፈራል? ከእናንተ ቤት በላይ ውጪና ላይኛው ወንዝ ሳትደርሺ ያሉትን ዝግባዎች እዪ። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው አሉ። ምንጩ የሚፈልቀው ከሥራቸው ነው። ከዚያ ወደ ታችኛው ወንዝ ማዶ ውረጂ፤ ያ የሰው መሬት ነው። አንድ ዝግባ ፈልጊ። በትክክል ቀብቼ ቢሆን ኖሮ ያም ይህም ገላጣ ነበር። ስህተቴ ደን ሆኗል። መሬቱ ለናንተ ይመለስ ብል በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰል ሆኖ ሐዋሳ በጆንያ ይመጣል፤ እኔው ራሴ ምሥራቅ ገበያ አየዋለሁ። ሰው ሌላ ቦታ ይሰፍራል። ዝግባ እግር የለውም።

ክፍሏ ክፍት ናት።


ዳራሞ
ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፦

አላቃጠልኩትም።

በመጀመሪያ ለታምሩ አነበብኩለት። የደረቀውን ወንዝ ነገር፣ «ለመሃይም አልመልስም» ያሉትን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ተነሣ። መጋዝ ይዞ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ዶማውን ይዞ ቡናውን ሊኮተኩት ወጣ። ሊነቀል አሥራ ሦስት ቀን የቀረውን ቡና እስኪመሽ ኮተኮተው።

በማግስቱ ሸንጎው ፊት ቆሜ አነበብኩት። ሴት እዚያ ቆማ ስትናገር የተለመደ አይደለም፤ ፈቀዱልኝ። ስጨርስ አቶ ላሊሞ ወረቀቱን ተቀብለው ወዲያ ወዲህ አገላበጡት። «ይሄ የገብረየስ ፊደል ነው። ያንቺም ፊደል ይሄው ነው። ስሙ የታለ?» አሉኝ። አልጻፈም አልኩ። «ገብረየስ ስሙን ሳይጽፍ? ያ ሰውዬ እኮ ለአንድ ጭራሮ ደረሰኝ ሲቆርጥ እስከ አያቱ ስም የሚጽፍ ነው!» አሉ። ሳቁብኝ። አንዱ ደግሞ «ገብረየስ ተሳሳትኩ ካለ እኔ ነገ ጳጳስ እሆናለሁ» አለ፤ ዲያቆን እንኳ የማይሆን ጴንጤ ነው። ምንያህልን ጠየቁት። «እኔ ፖስታ አመላልሳለሁ እንጂ ውስጡን በምን አውቃለሁ» አላቸው።

ቤቷን ለማዳን የአባቷን ስም አጠፋች እያሉኝ ነው። እርስዎን የሚጠሉ ሰዎች ናቸው፣ አባዬ፤ ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎን አመኑ።

ዮናስ ደብዳቤውን ይዞ ሊመጣልዎት ነው። «እርስዎ ነዎት የጻፉት?» ብቻ ነው የሚልዎት። ስለ ዛፎቹ ያሉትን አንብቤያለሁ፤ ከዛፍ ጀርባ የተደበቀ ሰው ነው ያየሁት። ይውጡ። «አዎ» ይበሉ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኬን ምንም አልጠይቅዎትም።

ሮማን


ሐዋሳ
ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለደን ጥበቃ ፕሮጀክቱ ቢሮ
ግልባጭ፦ ለዳራሞ ሽማግሌዎች

ጉዳዩ፦ የእኔ ነው የተባለውን ደብዳቤ ይመለከታል

ባልደረባችሁ አቶ ዮናስ ቤቴ ድረስ መጥቶ ያሳየኝን ስም የሌለበት ጽሑፍ ተመልክቼዋለሁ። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ፊደሉ የልጄ የሮማን ነው። ያስተማርኳት እኔ በመሆኔ ጽሕፈታችን ይመሳሰላል። ቤት ሊፈርስባት የቀረበ ሰው ያደረገችው ነውና በሕግ እንዳትጠየቅ አሳስባለሁ።

ወሰኑ ጥቅምት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረምኩት መሠረት ታችኛው ወንዝ ነው።

ገብረየስ ወልደሰማያት አንዳርጌ
የቀድሞ የደን ጥበቃ ሠራተኛ


ዳራሞ፣ ከታችኛው ወንዝ ማዶ
የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ ገብረየስ፦

ግልባጩ ሸንጎው ፊት ተነበበ። አቶ ላሊሞ በመጨረሻ «እንዲህ ነው የገብረየስ ደብዳቤ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ።

ቤቶቹ የካቲት 1 ቀን ፈረሱ። ቆርቆሮውንና በሩን እንድንወስድ ፈቀዱልን። እንሰቱን ቆርጠው ጣሉት። አሁን የታምሩ እኅት ቤት ነን፤ ዘጠኝ ሰው በአንድ ክፍል። ማወቅ ከፈለጉ፣ ስንወጣ ዛፍ የነካ ሰው የለም። አሥራ አራት አባወራ፣ ሁሉም ቤት ውስጥ መጥረቢያ አለ፤ አንድ ቅርንጫፍ አልተቆረጠም።

ታምሩ ደብዳቤው የማን እንደሆነ ያውቃል። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከእርስዎም ጭምር ሦስት ነን።

የምጽፍልዎት ተልኬ ነው። ማዶ ያለው መንደር ከመሬቱ ቆንጥሮ ለተፈናቀሉት ሊያካፍል ተስማምቷል፤ ለአሥራ ሦስቱ። በአባቷ ስም የሐሰት ደብዳቤ የጻፈች ሴት ግን አባቷ ሳይፈታት መሬት ከረገጠች፣ እርግማኑ ለሁሉም ይተርፋል ይላሉ። ስለዚህ ሸንጎው ፈርዷል። ቅዳሜ የካቲት 23 አቶ ላሊሞና ሌላ አንድ ሽማግሌ ይዘውኝ ወደ እርስዎ ይመጣሉ። በግ ይዘን እንመጣለን፤ የተገዛው በታምሩ መጋዝ ነው፤ ሸጥነው። እግርዎ ላይ ወድቄ ስምዎን ስላጠፋሁ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይቅር ብለውኛል ብለው ለሽማግሌዎቹ በአፍዎ መናገር አለብዎት፤ ያለዚያ መሬቱን አናገኝም።

ታምሩ «አትሂጂ፤ በረሃብ እንሙት» ብሎኝ ነበር። ሀሴትን አሳየሁት።

ቤት ይጠብቁን።

ሮማን


ሐዋሳ
የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮማን፦

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቅዳሜ ቤት ነኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ በረንዳው ላይ ይበረታል፣ ላሊሞም አርጅቷል።

ወንበር ሁለት አለኝ፤ ለሽማግሌዎቹ ይበቃል። በጉን የሚያርድ ሰው ከጎረቤት ነግሬያለሁ። ስትወድቂ ወለሉ ሲሚንቶ ነውና ቀስ ብለሽ ውደቂ። ብዙ አትናገሪ፤ የተባልሽውን ብቻ በይ። እኔም ይቅር ብያታለሁ እላለሁ።

ልጅቷን አታምጪያት።

አባትሽ
ገብረየስ